ከውስጥ ነው ወይስ ከውጭ? የመኪና የፊት መስታወት ለምን ይጋረዳል፣ በምንስ ይጠራል?

ክረምት በገባ ቁጥር ከደብረ ብርሃን ወደ ደብረ ሲና በሚወስደው መንገድ ላይ አንድ ነገር ይደጋገማል። አሽከርካሪው በአንድ እጁ መሪውን ይዞ በሌላው ጨርቅ ጨብጦ የፊት መስታወቱን ይፈትጋል። ሁለት ደቂቃ ሳይቆይ መስታወቱ መልሶ ይጋረዳል። እንደገና ይፈትጋል። ጨርቁ ሲረጥብበት በመዳፉ፣ መዳፉ ሲረጥብበት በኮቱ እጅጌ ይቀጥላል። መንገዱ ግን በአንድ እጅ የሚነዳበት አይደለም።

ድካሙ ፍሬ የማያፈራው መፈተጉ ስለሚያንስ አይደለም። «ጋረደኝ» የሚለው አንድ ቃል ብዙ የተለያዩ ነገሮችን ስለሚሸፍን ነው። ከውስጥ የተቋጠረ ትንፋሽ፣ ከውጭ የሰፈረ ጤዛ፣ የጋገረ አመዳይ፣ የቅባት ሽፋን፣ አቧራ፣ የተጫረ ወይም የተሰነጠቀ መስታወት፣ ሁሉም እይታን ያደበዝዛሉ። የአንዱ መፍትሔ ለሌላው አይሠራም፤ አንዳንዴ እንዲያውም ያባብሰዋል። ስለዚህ ጨርቅ ከማንሳት በፊት የሚመለሱ ሁለት ጥያቄዎች አሉ፤ የጋረደው ነገር በመስታወቱ በየትኛው ፊት ነው? ከምንስ የተሠራ ነው?

በየትኛው ፊት እንዳለ እንዴት ይታወቃል?

ቀላል ነው። የዝናብ መጥረጊያውን አንድ ጊዜ ማስኬድ በቂ ነው። መጥረጊያው ያለፈበት ቦታ ከጠራ ነገሩ ከውጭ ነው። ምንም ካልተለወጠ በአንድ ጣት ከውስጥ በኩል ጥግ ላይ ትንሽ መስመር መሳብ ነው፤ መስመሩ ከጠራና ጣት ከረጠበ የውስጥ እርጥበት ነው። ጣት ሳይረጥብ መስመሩ ተቅለምልሞ ከቀረ ቅባት ነው። በሁለቱም ፊት ምንም ካልተለወጠ ደግሞ መስታወቱ ራሱ ተጎድቷል።

ቆሞ ሲወለወልም ይህንኑ የሚያቀል ዘዴ አለ። የውስጡን ከላይ ወደ ታች፣ የውጪውን ከግራ ወደ ቀኝ መወልወል ይመረጣል። በኋላ ፀሐይ ሲያርፍበት ሰረዝ ከታየ፣ የቆመ ሰረዝ የውስጥ፣ የተጋደመ ሰረዝ የውጭ መሆኑ ወዲያው ይለያል። ከመኪና ወጥቶ ገብቶ መፈለግ አያስፈልግም።

ሰው ሲሞላ መስታወቱ የሚጋረደው ለምንድን ነው?

አየር ሁልጊዜ በዓይን የማይታይ የውሃ ተን ይሸከማል። የሚሸከመው መጠን ግን በሙቀቱ ይወሰናል። በ20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አንድ ሜትር ኩብ አየር እስከ 17 ግራም ገደማ ተን ይይዛል። በ0 ዲግሪ ግን የሚችለው ወደ 5 ግራም ብቻ ነው። ሞቃትና እርጥብ አየር ቀዝቃዛ ነገር ሲነካ ይቀዘቅዛል፤ የመሸከም አቅሙ ይቀንሳል፤ የተረፈውን ውሃ በነካው ነገር ላይ ጥሎት ይሄዳል። ሸዋ ሮቢት ላይ ከፍሪጅ የወጣ የለስላሳ ጠርሙስ ጠረጴዛ ላይ ሲቀመጥ ላብ የሚያልበው በዚሁ ምክንያት ነው። ውሃው ከጠርሙሱ ውስጥ አልወጣም፤ ከአየሩ ነው።

በመኪና ውስጥ ጠርሙሱን የሚተካው የፊት መስታወቱ ነው። ከውጭ የደጋው ንፋስ ሲያቀዘቅዘው ይውላል፤ ከውስጥ ደግሞ ተሳፋሪው ይተነፍሳል። አንድ ሰው በቀን በትንፋሹ ብቻ ከ300 እስከ 400 ሚሊ ሊትር ገደማ ውሃ ያወጣል። አሥራ ሁለት ሰው የያዘ ሚኒባስ ሲሆን በሰዓት አንድ ብርጭቆ ያህል ውሃ ወደ አየሩ ይገባል ማለት ነው። ዝናብ የመታው ባና፣ የረጠበ ጋቢ፣ ከወንበር ሥር የተጣለ ጃንጥላ፣ ጭቃ የያዘ ጫማና የራሰ ምንጣፍ የሚሰጡት ተን ሲጨመር መስታወቱ ባይጋረድ ነበር የሚገርመው።

እዚህ ላይ በአሽከርካሪና በተሳፋሪ መካከል ያለው የቆየ ክርክር ይነሳል። አሽከርካሪው መስኮቱን በጣት ስፋት ዝቅ ሲያደርግ ከኋላ አንዲት እናት «ልጄ፣ ዝጋልን እባክህ፣ ብርዱ ገደለን» ይላሉ። ረዳቱም «እማማ፣ መንገዱ እኮ አልታይ ብሎት ነው» ይላል። ሁለቱም እውነታቸውን ነው። ብርዱ ብርድ ነው፤ መንገዱም አይታይም። ነገር ግን የደጋው ቀዝቃዛ አየር ለመስታወቱ ጠላት ሳይሆን መድኃኒት ነው። ከላይ እንዳየነው በ0 ዲግሪ አካባቢ ያለ አየር ቢበዛ 5 ግራም ያህል ተን ነው የያዘው። ወደ ውስጥ ገብቶ ሲሞቅ የመሸከም አቅሙ ስለሚጨምር እርጥበቱን ከመስታወቱ ላይ ይመጠዋል። መስኮት ከፍቶ እናቲቱን ማብረድ የማያስፈልገውም ለዚህ ነው፤ ያንኑ የውጭ አየር በማሞቂያው በኩል አሳልፎ በመስታወቱ ላይ መንፋት ይቻላል።

ታዲያ የትኛው ቁልፍ ነው የሚነካው?

በአብዛኞቹ መኪናዎች ዳሽቦርድ ላይ አራት ነገሮች አሉ። የመጀመሪያው ንፋሱን ወደ ፊት መስታወት የሚልከው ነው፤ ምልክቱ የመስታወት ቅርጽና ወደ ላይ የሚወጡ ሞገደኛ ቀስቶች ናቸው። ሁለተኛው የማራገቢያው ፍጥነት፣ ሦስተኛው የሙቀቱ መጠን ነው። አራተኛው ብዙ ጊዜ የሚረሳው ነው፤ በመኪና ሥዕል ውስጥ የተጠመዘዘ ቀስት ያለበት ቁልፍ። ይህ ቁልፍ ሲበራ መኪናው ከውጭ አየር መውሰድ ያቆምና የውስጡን አየር ደጋግሞ ያዞራል።

በእኛ አካባቢ ይህ ቁልፍ በርቶ የሚቀርበት ምክንያት ግልጽ ነው። በመንዝ ወይም በመርሐቤቴ የጠጠር መንገድ ከፊት ያለው መኪና የሚያስነሳው አቧራ እንዳይገባ አሽከርካሪው ይጫነዋል፤ ትክክልም አድርጓል። ከዚያ አስፋልት ላይ ይወጣል፤ ዝናብ ይጀምራል፤ ቁልፉ ግን እንደበራ ነው። ተሳፋሪው የተነፈሰው ተን መውጫ አጥቶ ይዞራል፤ ማሞቂያው በሙሉ ኃይሉ ቢነፋም የሚነፋው እርጥብ አየር ነው። «ማሞቂያውን ሳበራ ጭራሽ ይብሳል» የሚል አሽከርካሪ መጀመሪያ ማየት ያለበት ይህንን ቁልፍ ነው።

ኤሲውን ማብራትም ይጠቅማል። ይህ ብዙ ሰው የማይቀበለው ነገር ነው፤ በብርድ ላይ ማቀዝቀዣ ማብራት የነዳጅ ብክነት ይመስላል። ነገር ግን ኤሲ አየሩን ከማቀዝቀዙ ጎን ለጎን ያደርቀዋል። አየሩ በቀዝቃዛው ቱቦ ላይ ሲያልፍ ውሃውን እዚያው ይጥላል፤ ኤሲ የበራ መኪና ሲቆም ከሥሩ የሚንጠባጠበው ያ ውሃ ነው። ከዚያ የደረቀው አየር በማሞቂያው አልፎ ሞቅ ብሎ ይወጣል። ኤሲና ሙቀት አብረው ሲበሩ አይጣሉም፤ አንዱ ያደርቃል፣ ሌላው ያሞቃል። መስታወቱ ከጠራ በኋላ ኤሲውን ማጥፋት ይቻላል።

በኤሌክትሪክ መኪና ላይ ነገሩ ትንሽ ይለያል። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ የኤሌክትሪኮቹ ቁጥር እየጨመረ ነው። እነዚህ መኪናዎች የጋለ ሞተር ስለሌላቸው ሙቀቱን የሚያገኙት ከባትሪው ነው። ስለዚህ ቻርጅ ላይ ሳሉ መስታወቱን አሙቆና አጥርቶ መነሳት ለመንገዱ የሚሆነውን ኃይል ይቆጥባል።

ይህ ሁሉ ተደርጎም መስታወቱ የሚጋረድ ከሆነ ምክንያት መፈለግ ነው። የማራገቢያው ንፋስ ደካማ ከሆነ የውስጥ አየር ማጣሪያው በአቧራ ተደፍኖ ይሆናል። ከመስታወቱ ሥር፣ ከኮፋኖው ጋር በሚገናኝበት በኩል፣ አየር የሚገባበት ወንፊት አለ፤ መኪና በባሕር ዛፍ ሥር ሲያድር ቅጠሉ እዚያ ይጠራቀማል። ቅጠሉ የአየሩን መግቢያ ከማጥበቡም በላይ የዝናብ ውሃው መውረጃ አጥቶ ወደ ውስጥ እንዲገባ ያደርጋል። ምንጣፉ ሁልጊዜ የሚረጥበው በዚህ ሊሆን ይችላል። በተለይ መታወቅ ያለበት ሌላ ምልክት ደግሞ አለ፤ ማሞቂያው ሲበራ መስታወቱ ላይ የሚያጣብቅ ላብ ከወጣ፣ ጣፋጭ ሽታም ካለው፣ የራዲያተሩም ፈሳሽ እየቀነሰ ከሄደ፣ የማሞቂያው ትንሽ ራዲያተር እያፈሰሰ ነው። ያ ተን የራዲያተሩ ፈሳሽ፣ አንቱፍሪዝ የሚባለው ነው፤ ለጤናም ጥሩ ስላልሆነ ወደ ጋራዥ መውሰድ እንጂ ጨርቅ መቀየር አይረዳም።

ቁልቁል ስወርድስ ከውጭ የሚጋርደኝ ምንድን ነው?

ይህኛው ሰሜን ሸዋ ላይ የሚነዳ ሰው ከሌላው በተሻለ የሚያውቀው ነው። ጣርማ በር ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ነው። ደብረ ሲናን አልፎ ሸዋ ሮቢት ሲደረስ ከፍታው ወደ 1,300 ሜትር ይወርዳል። በየ1,000 ሜትሩ ሙቀቱ ከ6 ዲግሪ በላይ ስለሚጨምር ከላይ እስከ ታች ያለው ልዩነት ከአሥር ዲግሪ ያልፋል። መኪናው ይህንን ሁሉ የሚወርደው በጥቂት ጊዜ ነው። መስታወቱ የጣርማ በርን ብርድ እንደያዘ ይወርዳል፤ የቆላው አየር ግን ሞቃት፣ በክረምት ደግሞ እርጥብ ነው። ስለዚህ ጠርሙሱ አሁን ከውጭ ያልበዋል።

ስህተቱ የሚመጣው አሽከርካሪው ከላይ በተማረው ልማድ ከውስጥ መፈተግ ሲጀምር ነው። ምንም አይጠራም። እዚህ ላይ የሚሠራው መጥረጊያውን ማስኬድና ሞቅ ያለ አየር ወደ መስታወቱ መልቀቅ ነው። ሸዋ ሮቢት ከተደረሰ በኋላ ደግሞ ኤሲውን በሙሉ ቅዝቃዜ መስታወቱ ላይ መልቀቅ ተመሳሳይ ችግር ይፈጥራል፤ ቀዝቃዛውን ንፋስ ወደ ፊትና ወደ ደረት መመለስ ነው።

የጣርማ በር ጉም ግን ሌላ ነው?

ሌላ ነው። ከአፋር ዝቅታ በኩል የሚመጣው አየር ገደሉን ይዞ ሲወጣ ይቀዘቅዛል፤ ተኑም ወደ ጥቃቅን ጠብታ ይለወጥና መንገዱ ላይ ደመና ሆኖ ይቀመጣል። ጣሊያን በወረራው ዘመን የቆፈረው ዋሻ አካባቢ ከቀትር በኋላ አፍንጫን እንኳ የሚሸሽግ ጉም የሚወርደው በዚህ ነው። ይህ የመስታወት ችግር ስላልሆነ በመወልወል አይፈታም። ጠብታዎቹ መስታወቱ ላይ ሲያርፉ መጥረጊያውን አልፎ አልፎ ማስኬድ ይጠቅማል፤ ከዚያ በላይ የሚሠራው ፍጥነት መቀነስና አጭሩን መብራት መጠቀም ነው። ረጅም መብራት በጉም ውስጥ ብርሃኑን ወደ ራስ ዓይን ይመልሰዋል፤ አሽከርካሪው ነጭ ግድግዳ ፊት ለፊቱ ያቆማል።

በውርጭ የተጋገረውን በፈላ ውሃ ማስለቀቅ ይቻላል?

አይቻልም። ደብረ ብርሃን በ2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነች ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ባሉት ጥርት ያሉ ሌሊቶች በውርጭ ትታወቃለች። ጠዋት ለጉዞ የሚነሳ ሰው መስታወቱ ላይ ነጭ አመዳይ ተጋግሮ ያገኛል። ማንቆርቆሪያ ይዞ ከቤት የሚወጣም አይጠፋም።

መስታወት ሲሞቅ ይለጠጣል፣ ሲቀዘቅዝ ይኮማተራል። የፈላ ውሃ ሲደፋበት የውጪው ገጽ በድንገት ይለጠጣል፤ የውስጡ ገና በብርድ ተኮማትሮ ነው። መስታወቱ ያንን መጎተት አይችልም። በተለይ ቀድሞ ጠጠር የመታው ነጥብ ካለ ስንጥቁ ከዚያ ተነስቶ ከጥግ እስከ ጥግ ይሄዳል። ውሃው ደግሞ ታች ወርዶ እንደገና ይረጋል። አንድ ማንቆርቆሪያ ውሃ የመስታወት ዋጋ ያስከፍላል።

ከዚህ የሚሻለው ሞተሩን አስነስቶ ንፋሱን ወደ መስታወቱ አድርጎ ከቀዝቃዛ ጀምሮ ሙቀቱን ቀስ እያሉ መጨመር ነው። የተጋገረውን በፕላስቲክ መፋቅ ይቻላል፤ ጊዜው ያለፈበት የኤቲኤም ካርድ ይበቃል። ቢላዋና ብረት መስታወቱን ይጭራሉ። ከመድኃኒት ቤት የሚገዛ 70 በመቶ አልኮል በመርጫ ጠርሙስ አድርጎ መርጨትም አመዳዩን በፍጥነት ያሟሟዋል፤ አልኮል በ0 ዲግሪ ስለማይረጋ ውሃውንም አብሮ እንዳይረጋ ያደርገዋል። እሳት የሚወድ ነገር ስለሆነ ሲጋራ የሚያጨስ ሰው አጠገብ አይረጭም። የደብረ ብርሃን አረቄም በተፈጥሮው ይህንን ሥራ ይሠራል፤ ነገር ግን የተከፈተ የአረቄ ጠርሙስ ከሾፌር ወንበር አጠገብ ምን እንደሚሠራ ለትራፊክ ፖሊስ ማስረዳት ከመፋቁ የበለጠ ጊዜ ይወስዳል።

አመዳዩ ሳይለቅ መጥረጊያውን ማስነሳት ላስቲኩን ይገነጥላል፤ ከመስታወቱ ጋር ከተጣበቀ ደግሞ ሞተሩን ወይም ፊውዙን ሊያቃጥል ይችላል። በእጅ አንስቶ መላቀቁን ማረጋገጥ ይቀድማል።

ከሁሉ የሚቀለው አመዳዩ መጀመሪያውኑ እንዳይጋገር ማድረግ ነው። በጥርት ሌሊት መስታወቱ ሙቀቱን ፊት ለፊቱ ላለው ክፍት ሰማይ እያፈነጠቀ ይለቃል፤ ከአየሩም በታች ይቀዘቅዛል። አየሩ ገና 2 እና 3 ዲግሪ እያለ መስታወት ላይ በረዶ የሚታየው በዚህ ነው። በደመናማ ሌሊት፣ በጣሪያ ሥር ወይም በግድግዳ ጥግ የቆመ መኪና የሚተርፈውም ሰማዩን ስለማያይ ነው። ስለዚህ መስታወቱን በሸራ ወይም በካርቶን ሸፍኖ ማሳደር፣ ካልሆነም የመኪናውን አፍንጫ ወደ ምሥራቅ አዙሮ ማቆምና የጠዋቷን ፀሐይ ሥራውን እንድትሠራ መተው ነው።

አቧራውን በመጥረጊያው ማውረድ ምን ክፋት አለው?

በበጋ አቧራ፣ በአውድማ ጊዜ ደግሞ የእህል እብቅ ይጨመራል። ደረቅ መስታወት ላይ መጥረጊያ ማስነሳት ቀላሉ ነገር ይመስላል። አቧራ ውስጥ ግን ኳርትዝ የሚባል የአሸዋ ማዕድን አለ፤ በጥንካሬ መለኪያ 7 ላይ ሲቀመጥ የመስታወት ወደ 5.5 ነው። ጠንካራው ለስላሳውን ይጭራል። ላስቲኩ ያንን አሸዋ ይዞ በተመላለሰ ቁጥር በዓይን የማይታይ የቀስት ቅርጽ ጭረት ይተዋል። ጭረቱ ቀን አይታይም፤ ማታ የሌላ መኪና መብራት ሲያርፍበት ግን መስታወቱ ሙሉ በሙሉ ይበራል። ይህ ደግሞ ታጥቦ አይለቅም።

ስለዚህ መጀመሪያ ውሃ፣ ከዚያ መጥረጊያ። ውሃ በጠፋበት ጊዜ በላባ መጥረጊያ ወይም በለስላሳ ብሩሽ ሳይጫኑ ማራገፍ ይሻላል። በለሚ በኩል ሲሚንቶ ከሚያመላልሱ ከባድ መኪናዎች ኋላ የሚነዳ ሰው ተጨማሪ ጥንቃቄ ያስፈልገዋል። የሲሚንቶ ብናኝ ሌሊት ጤዛ ካገኘው መስታወቱ ላይ ይደርቃል። ያን ዕለቱን በብዙ ውሃ ማጠብ ነው። ከደረቀ ኮምጣጤ በውሃ አቅጥኖ በጨርቅ ነክሮ ጥቂት ማቆየት ያሟሟዋል፤ ቀለሙን እንዳያበላሽ ከዚያ በደንብ ማለቅለቅ ይገባል። የጉድጓድና የምንጭ ውሃ ደርቆ የሚተወውን ነጭ ነጠብጣብም ይኸው ኮምጣጤ ያነሳዋል።

ስለ መጥረጊያው ላስቲክም ጥቂት እንበል። ለዝናብ መጥረጊያ በአሜሪካ ቀድመው ፈቃድ ካወጡት አንዷ ሜሪ አንደርሰን የተባለች የአላባማ ሴት ናት፤ እ.ኤ.አ. በ1903። የሷ መጥረጊያ ከውስጥ በእጅ የሚንቀሳቀስ ነበር። ከዚያ ወዲህ ሞተሩ ተለወጠ እንጂ ሥራውን የሚሠራው ዛሬም ቀጭን የላስቲክ ጠርዝ ነው። ያ ጠርዝ በፀሐይ ይደርቃል፣ ይሰነጣጠቃል፤ ከፍ ባለ ቦታ ደግሞ የፀሐይዋ ጎጂ ጨረር ስለሚበረታ የደጋ መኪና ላስቲክ ቶሎ ያረጃል። በ6 ወር ወይም ቢበዛ በዓመት መቀየር ይመከራል፤ ከክረምት በፊት ሰኔ ላይ ማድረጉ ብልህነት ነው። ከመግዛት በፊት ግን ጠርዙን በረጠበ ጨርቅ ጠርጎ መሞከር ይገባል። ጨርቁ ጠቁሮ ሲወጣ አብዛኛው ቅሬታ አብሮ ይወጣል። ክንዱ ተነስቶ ሳለ ባዶውን እንዳይወድቅ መያዝም ያስፈልጋል፤ ስፕሪንጉ ጠንካራ ስለሆነ መስታወት ይሰብራል።

ታጥቦም ማታ መብራት የሚበተንብኝ ለምንድን ነው?

ይህ የቅባት ሥራ ነው። ከፊት የሚሄደው የጭነት መኪና ጭስ፣ ከአስፋልቱ የሚረጨው ውሃ፣ ሲጋራ፣ የእጅ ወዝ፣ ሁሉም ስስ ሽፋን ይተዋሉ። ከውስጥ ደግሞ ዳሽቦርዱ ራሱ አለ፤ ፕላስቲኩ በፀሐይ ሲግል የሚወጣው ተን መስታወቱ ላይ ይቀመጣል። ሸዋ ሮቢት ላይ ቀኑን ፀሐይ ላይ የዋለ መኪና ውስጠኛ መስታወት በጣት ሲነካ ይህ ሽፋን ይታወቃል።

ላቫጆ ላይ የሚጨመረውም አለ። ዳሽቦርዱን የሚያብለጨልጭ ቅባት ይቀባል፤ ሠራተኛው በዚያው ጨርቅ መስታወቱንም ያዳርሰዋል። የመኪናው ሥር ናፍጣ ሲረጭም ብናኙ ወደ ላይ ይወጣል። መኪናው አምሮ ይወጣል፤ መስታወቱ ግን ከገባበት የባሰ ቅባት ይዟል። ለመስታወቱ የተለየ ንጹሕ ጨርቅ እንዲጠቀሙ መጠየቅ አያሳፍርም።

ቅባት በውሃ ብቻ አይለቅም፤ ይሰራጫል እንጂ። ጥቂት ጠብታ ፈሳሽ የዕቃ ሳሙና በለብታ ውሃ ውስጥ አድርጎ ማጠብ፣ በንጹሕ ውሃ ማለቅለቅ፣ ከዚያ በደረቅ ማይክሮፋይበር ጨርቅ ማድረቅ ነው። የመጨረሻውን ስስ ሽፋን አልኮል ያነሳዋል። የዱቄት ሳሙና አይመረጥም፤ ሳይሟሟ የቀረው ነጭ ሆኖ ይደርቃል። አሞኒያ ያለበት የመስታወት ማጽጃ ደግሞ በጎን መስታወቶች ላይ የተለጠፈውን ጥቁር ፕላስቲክ ያበላሻል። ሥራው በጥላ ሥር ቢሠራ ይሻላል፤ በፀሐይ ላይ ሳሙናው ሳይለቀለቅ ይደርቃል። ቅባት የለቀቀ መስታወት በትንፋሽም ቶሎ አይጋረድም፤ ቆሻሻ ገጽ ላይ ጠብታው በቀላሉ ይቋጠራል።

ከውስጥ ደረቅ ሳሙና በስሱ ቀብቶ በጨርቅ እስኪጠራ መወልወልም ይሠራል። ሳሙናው ውሃው ወደ ጠብታ እንዳይሰበሰብ ስለሚያደርገው እንደ ስስ ሽፋን ተዘርግቶ ይቀራል፤ በዚያም ማየት ይቻላል። ኤሲ ለሌለው አሮጌ መኪና ርካሽ መላ ነው፤ በየጥቂት ቀኑ መታደስ አለበት።

በመርጫው ዕቃ ውስጥ ምን ይጨመር?

ንጹሕ ውሃ ከጥቂት ሳሙና ጋር በበጋም በክረምትም ይሠራል። በውርጭ ወራት ግን ደብረ ብርሃን ላይ የሚያድር መኪና ውሃው ሊረጋና ዕቃውን ወይም ፓምፑን ሊሰነጥቅ ይችላል፤ አልኮል መቀላቀል ይከላከላል። የራዲያተር አንቱፍሪዝ እዚህ አይገባም፤ መስታወቱ ላይ ቅባት ይተዋል፣ መርዝም ነው። ውሃው መርጨት ካቆመ ፓምፑን ከመክሰስ በፊት የመርጫውን ቀዳዳ በመርፌ መጥረግ ነው፤ ብዙ ጊዜ ኖራ ወይም አቧራ ነው የደፈነው።

ጠጠር የመታውስ?

የፊት መስታወት ከጎኖቹ የተለየ ነው። ሁለት መስታወት መሐላቸው ስስ ፕላስቲክ ገብቶ የተጣበቁ ናቸው። ሐሳቡ የመጣው ኤድዋር ቤኔዲክተስ ከተባለ ፈረንሳዊ የኬሚስትሪ ሰው ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1909 ፈቃድ አውጥቶበታል። የጎን መስታወት ሲሰበር እንደ ጠጠር ይበተናል፤ የፊተኛው ግን ይሰነጠቃል እንጂ አይረግፍም፤ ፕላስቲኩ ይይዘዋል።

ስለዚህ ጠጠር የመታው ነጥብ ወዲያው አደጋ አይሆንም፤ ግን ያድጋል። የጠዋት ብርድና የማሞቂያ ሙቀት፣ የጠጠር መንገድ መንቀጥቀጥ ስንጥቁን ይስቡታል። አቧራና ውሃ ገብቶ እንዳያበላሸው ነጥቡን ዕለቱን በግልጽ ፕላስተር መሸፈን፣ ከዚያ ሳይቆይ መስታወት የሚጠግን ባለሙያ ዘንድ መውሰድ ነው። ትንሽ ነጥብ በፈሳሽ ሙጫ ተሞልቶ ይድናል። የረዘመ ስንጥቅ ወይም በቀጥታ በአሽከርካሪው ዓይን ፊት ያለ ነጥብ ግን መስታወቱ መቀየር አለበት፤ ጥገናው ራሱ ትንሽ ጠባሳ ትቶ ብርሃን ይሰብራል። አዲስ መስታወት የተገጠመለት መኪና ሙጫው እስኪይዝ ባለሙያው የሚነግረውን ሰዓት ይቆማል፤ በዚያ ጊዜ በሩ ሲዘጋ አንድ መስኮት ትንሽ ተከፍቶ ይተዋል፤ አለበለዚያ የታመቀው አየር ገና ያልደረቀውን መስታወት ወደ ውጭ ይገፋዋል።